መብራቱ ነው፣ ትለምጂዋለሽ

ሰኞ 4

አዲሱ የፕሮግራም ወቅት ሊጀመር አራት ቀን ቀረው። ይህን ደብተር የገዛችልኝ ልጄ ናት። «እማዬ፣ ስትናደጂ እኔ ላይ ከምትጮኺ እዚህ ላይ ጩኺ» ብላ። እሺ፣ ልጩህ።

ዛሬ ስብሰባ ነበር። ዳይሬክተሩ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲያንሾካሹክ ዋለ። ድሮ ሰው አለቃ ሲሆን ድምፁ ይጨምር ነበር፤ የዛሬዎቹ ሲሾሙ ይለሰልሳሉ። ካለው ግማሹን ሰማሁ፣ ግማሹን በራሴ ሞላሁት። ሲጨርስ «ትስማሚያለሽ?» አለኝ። «በጣም!» አልኩት። ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። ለካ ፕሮግራሜን ከሃምሳ ደቂቃ ወደ አርባ እየቀነሰው ኖሯል።

ረቡዕ 6

ከመጽሔት የመጣች ጋዜጠኛ «የመጀመሪያዋ ሴት» እያለች ሁለት ሰዓት አስለፈለፈችኝ። ያንኑ ታሪክ ነገርኳት። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከአናጢው ቤት በላይ ያለችው አዳራሽ። ያኔ ሴት ሆኖ የሚያስቀው ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነበር፤ እውነተኛ ሴት ብቻዋን ማይክ ይዛ ስትወጣ ያየ የለም። ገና አፌን ሳልከፍት አንዱ ከኋላ «ውረጂ፣ ድስትሽ ሊያርር ነው!» ብሎ ጮኸ። «አንተን ጥጄ ነው የወጣሁት፣ ገና አልበሰልክም!» አልኩት። አዳራሹ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ጅራፏ» ሆኖ ቀረ።

በአገር ያሳወቀኝ ግን የእናቴ ቀልድ ነው። ጆሮዋ አይሰማም። «እምዬ፣ ባል ላገባ ነው» እላታለሁ። እሷ «በር ልዘጋ ነው» ያልኳት መስሏት «ዝጊው ልጄ፣ ብርድ ያስገባል» ትለኛለች። ይህችን ስንት ዓመት በላሁባት!

ጋዜጠኛዋ «እናትሽ ቀልዱን ሲሰሙ ምን አሉ?» አለችኝ። «ሳቀች» አልኳት። ስቃለች እኮ። ከፊት ወንበር ተቀምጣ ስትስቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

አርብ 8፣ ከሥርጭት በኋላ

ሳቁ የት ገባ? ሁለት መቶ ሰው ተቀምጧል። በቀኝ በኩል ያሉት ይስቃሉ፤ በግራ ያሉት ድንጋይ። አፋቸው ሲከፈት አያለሁ፣ ሳቅ ግን የለም። ልክ ክፍያ ተቀብሎ የመጣ ለቀስተኛ!

አዲሱንም መድረክ አልወደድኩትም። ዳይሬክተሩ «ዘመናዊ» ብሎ ሁሉን ገልብጦታል፤ የእንግዳው ወንበር በግራዬ ሆኗል። መብራቱ ደግሞ ያፈላል።

የድምፅ ባለሙያውን አናገርኩት። ስቱዲዮው ሁሉ «ጋሼ ጆሮ» ነው የሚለው፤ ዝንብ በየትኛው ማይክ ላይ እንዳረፈች በድምፅዋ ያውቃል። ከአናጢው ቤት አዳራሽ ጀምሮ ነው አብሮኝ ያለው።

«ጋሼ ጆሮ፣ ምን ነካህ? ጆሮዬ ውስጥ የሰካህልኝ ነገር አይሰማም» አልኩት።

«ከአምናው ጨምሬዋለሁ፣ እህቴ» አለኝ። «ከዚህ በላይ ብጨምረው ለጎረቤት ስቱዲዮ ነው የሚተርፈው።»

ሌላም ነገር ሊል ፈልጎ ነበር። ዓይኔን አይቶ ተወው። ሰው ሲያረጅ አለማወቁን በትሕትና ይሸፍናል።

ቅዳሜ 9

ልጄ ቴሌቪዥኑን ቀነሰችብኝ። ጨመርኩ። ቀነሰች። ጨመርኩ። «እማዬ፣ ጎረቤታችን እያንኳኳ ነው» አለችኝ። ማንም አላንኳኳም አልኳት። በሩን ስትከፍተው ሰውዬው ጡጫውን አንስቶ ቆሟል።

ማክሰኞ 12

ልምምድ ላይ መሣሪያው ያፏጫል። ቀጭን ፉጨት። ለጋሼ ጆሮ ንገሩት ብል ማንም «ሰምቻለሁ» አይልም። አለቃ ፈርተው ነው።

ፉጨቱ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ይሄው አሁንም አለ።

አርብ 15

ሁለተኛው ሥርጭት። እንግዳው ዘፋኝ ነበር። አንድ ወሬ ሲያወራ የጨረሰ መስሎኝ ገባሁበት፤ ለካ ሳቅ የሚያመጣውን ቃል ሊናገር ነበር። ፊቱ ጠቆረ።

ሜካፕ የምትሠራልኝ ልጅ በቀኝ በኩል ቆማ ለጓደኛዋ «ድሮ ሰው ታዳምጥ ነበር፤ ዛሬ ራሷን ብቻ ነው የምትሰማው» ስትል ሰማሁ። ራሴንም በወጉ አልሰማሁም እኮ! በዚያ ሰውዬ ማሽን ማን ምን ይሰማል?

ሰኞ 18

አደረግኩት። ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ «ወይ እሱ ወይ እኔ» አልኩት። ጋሼ ጆሮን ማለቴ ነው። «ይህን ሳምንት ይጨርስ፣ ከዚያ ወደ መጋዘን እናዛውረዋለን» አለኝ። ስወጣ ደረጃው ላይ ጋሼ ጆሮን አገኘሁት። ሽቦ እየጠቀለለ ነበር። ሰላም አለኝ። እኔም ሰላም አልኩት፣ አፌ ምንም እንዳላደረገ ሁሉ።

ልክ ነኝ። ሥራ ሥራ ነው።

አርብ 22፣ ከሥርጭት በፊት

ችኮላ ላይ ነኝ። የዛሬ እንግዳ የከተማ አውቶቡስ በመንዳት የመጀመሪያዋ ሴት። ጥሩ። አንዷ የመጀመሪያ ሌላዋን የመጀመሪያ ትጠይቃለች። ካርዴ ላይ የተጻፈው ጥያቄ፦ «ለሁለት ዓመት ሥራ አቁማ ነበር፤ ለምን?» መብራት ይፋጃል። ፉጨት። ይበቃል፣ እየጠሩኝ ነው።

ቅዳሜ 23

አልችልም።

እሑድ 24

ጻፊ ብዬ ራሴን አስገደድኩ። እንደሆነው እንደሆነው ልጻፈው።

ሴትየዋ ጎበዝ ነበረች። ወደ ሃምሳ የሚጠጋት፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ የሥራ ልብሷን ተኩሳ ነው የመጣችው። ስለ መሪው፣ ስለሚሰድቧት ባለ ታክሲዎች አወራች፤ ሰዉ አጨበጨበላት። ጭብጨባው ሳያባራ እኔ ቀጠልኩ።

«ለሁለት ዓመት መሪውን ለቀሽ ነበር። ምነው፣ ምን አገኘሽ?»

ጥያቄውን ስጨርስ ፊቴን ወደ ካሜራው አዞርኩ፤ ሃያ ዓመት የማደርገው ነው። እሷ በግራዬ አንገቷን ደፋች። መሐረቧን አውጥታ ፊቷን ጠረገች። አንድ ነገር አለች። መጨረሻው «ሞቀብኝ» ነበር። እኔ የሰማሁት ይህን ነው። ሞቀብኝ። መሐረብ ይዛለች፣ ፊቷን እየጠረገች ነው፣ መብራቱ እንደ ምድጃ ነው፤ ሌላ ምን ልትል ትችላለች?

«ኧረ ሁላችንም!» አልኩ። «መብራቱ ነው፣ ትለምጂዋለሽ!»

ማንም አልሳቀም። ሰዉ ዝም ሲል ደግሞ እኔ የማውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ መጨመር። ስለዚህ ጨመርኩ።

«አይዞሽ፣ የመጀመሪያው ነው የሚከብደው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሆን እንዲያውም ደስ ይላል!»

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። ያልገባውን ምልክት መንገድ ላይ እንዳየ ሾፌር ነው የሆነችው። ከዚያ ደረቷ ላይ የተሰካውን ማይክ ቀስ ብላ ነቀለች፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፣ ተነሥታ ወጣች።

እኔም ወደ ካሜራው «ሾፌር ናት፣ ፌርማታዋ ደርሶ ነው!» አልኩ። ይህንንም ብያለሁ። በቀጥታ ሥርጭት።

ማስታወቂያ አስገቡ። ዳይሬክተሩ እየሮጠ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። የሚያንሾካሹከው ሰው ያን ቀን ጮኸ። «ልጄ ሞተብኝ ነው ያለችሽ! ልጇ ሞቷል! ምን ሆነሻል አንቺ?»

ሞተብኝ። ሞቀብኝ።

ሰዉን አየሁት። ሁለት መቶ ሰው እጁን አፉ ላይ ጭኖ ያየኛል። ሜካፕ የምትሠራልኝ ልጅ ደግፋ ወሰደችኝ። በመስታወቱ ውስጥ ራሴን ሳየው ፊቴ ላይ ፈገግታው እንዳለ ነበር። ከሦስተኛዋ ቀልድ የተረፈ።

ሰኞ 25

ስልኬን አጠፋሁት። ከማጥፋቴ በፊት ያነበብኩት ይበቃኛል። «ልበ ድንጋይ።» «እናት ልጄ ሞተ ስትል ደስ ይላል ያለች!» «ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ነው።» ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ ነበር፤ የእኔ ግን አፋፉንም አልፎ ገደል ገብቷል።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ጠሩኝ። ዳይሬክተሩ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። «በድምፅ ባለሙያው ቸልተኝነት በተፈጠረ የመሣሪያ ብልሽት ምክንያት አቅራቢዋ የእንግዳዋን ንግግር ሳትሰማ ቀርታለች» ይላል።

«እውነት ነው አይደል?» አለኝ።

«እውነት ነው» አልኩት። ፈረምኩ። እውነት ነው እኮ። አልሰማሁም። እየነገርኳቸው አልነበር?

ፕሮግራሙ ለሁለት ሳምንት ታገደ። ሴትየዋን ብደውልላት ስልኳ አይነሣም።

ማክሰኞ 26

ጋሼ ጆሮን አባረሩት። ወደ መጋዘን ማዛወሩ ቀርቶ በዚያው ዕለት አሰናበቱት። ዕቃዬን ልወስድ ልብስ መቀየሪያ ክፍሌ ሄጄ ነበር፤ በሩ ጋ መጥቶ ቆመ። በግራዬ። ኮቱን ለብሶ። አንድ ነገር ነገረኝ። ረጅም አይደለም። ራሴን ነቀነቅኩለት። እሱም ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ምን እንዳለኝ አላውቅም።

ማታ

ልጄ የሥርጭቱን ቅጂ በኮምፒውተሯ ከፍታ «ነይ አብረን እንየው» አለችኝ። እምቢ አልኩ። «ነይ!» አለች። እናቷን እስክትመስል ድረስ።

አየነው። ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ «ሞቀብኝ» አለች። «ይኸው!» አልኳት። «ሰማሽ?»

ልጄ ፈዛ አየችኝ። «እማዬ፣ ‹ልጄ ሞተብኝ› ነው የምትለው። ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው።»

ደገመችው። ሞቀብኝ። ደገመችው። ሞቀብኝ። ስድስት ጊዜ። ተናደድኩ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ብዙ ቆየሁ መሰለኝ። ዞር ስል ልጄ ከኋላዬ ቆማ ታለቅሳለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ሦስት ጊዜ ጠራሁሽ» አለች። «እዚሁ ቆሜ። ሦስት ጊዜ፣ እማዬ።»

ሐሙስ 28

ልጄ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። መስኮት ባላት ጠባብ ሳጥን ውስጥ አስገቡኝ፤ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ እጄ ላይ ቁልፍ። «ድምፅ በሰማሽ ቁጥር ተጫኚ» አለችኝ ሐኪሟ። በሩን ዘጋችው። ተቀመጥኩ። ጠበቅኩ። በመስኮቷ ስታየኝ ፈገግ አልኩላት። መሣሪያዋ የተበላሸባት መሰለኝ፤ አዘንኩላት። በመጨረሻ በሩን ስትከፍት «መቼ ነው የምንጀምረው?» አልኳት።

«የግራው አልቋል» አለች።

የግራው ጆሮዬ ለካ ሄዷል። ከሄደ ቆይቷል። ቀኙም እየተከተለው ነው። ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይቀድማሉ አለች፤ ት፣ ቅ፣ ስ፣ ፍ። አእምሮ ደግሞ ጎዶሎውን በመሰለው ይሞላዋል። ፉጨቱም የመሣሪያ ሳይሆን የራሴ ነው።

«መሣሪያሽ ትክክል ነው?» አልኳት። እኔ! አንድ ቃል ሲሰነዝሩብኝ ሦስት የምመልስ ሴት ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው።

«ከቤተሰብ የመስማት ችግር ያለበት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የለም» አልኩ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ሐኪሟም ብዕሯን ይዛ አየችኝ። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ሁሉ መልሱን ያውቃል።

ቅዳሜ 30

የመስሚያ መሣሪያ ይሠራልሻል ብለውኛል፤ ለግራው አይረዳም፣ ለቀኙ ጥቂት።

እየደጋገምኩ የማስበው ያን ወረቀት ነው። ፈርሜበታለሁ። የሰውየው እንጀራ የተዘጋው በእኔ ፊርማ ነው። ስፈርም ግን እውነት መስሎኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም። ሰኞ ሄጄ እናገራለሁ።

ሰኞ 2

ራሴን አሞኝ ዋልኩ።

ማክሰኞ 3

እናቴ ጋ ሄድኩ። ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነው የምትኖረው። በር ማንኳኳት ዋጋ የለውም፤ በመስኮቱ ዞሬ እጄን አወዛወዝኩ። ልብስ እየጠቀመች ነበር። ከፈተችልኝ፣ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። እሷ ከፊት ላይ ነው የምታነበው።

«ጆሮዬ ታሟል፣ እምዬ» አልኳት።

«የቱ?»

ግራዬን ነካሁ።

«የኔም በግራ ነው የጀመረው» አለች። መርፌዋን ክር እያጎረሰች። እንደ ቀላል ነገር።

ሻይ አፍልታ ሰጠችኝ። የምጠይቃት ሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩትን ጥያቄ መሆኑን ያወቅኩት አፌ ላይ ሲደርስ ነው።

«ያኔ አዳራሹ ውስጥ፣ የመጀመሪያው ቀን። ስትስቂ ነበር አይደል?»

«ሳቅኩ።»

«ምን እንዳልኩ ግን አልሰማሽም።»

«ከየት እሰማለሁ? ሰው ሲስቅ ዝም ካልሽ ደንቆሮነትሽ ይታወቃል። ስለዚህ ሳቅኩ።»

ደስ አለኝ። ተንፈስ አልኩ። «ስለ አንቺ መሆኑን አላወቅሽም እንግዲህ» አልኳት።

ልብሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «እንዴት አላውቅም?» አለችኝ። «ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ እየዞረ አልነበር የሚስቀው?»

ሻዩ ከእጄ ፈሰሰ። እግሬን ማቃጠሉን ያየሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም? ይሄን ሁሉ ዓመት!»

«ምን ልበልሽ? ያ ሁሉ ወንድ ፊት ብቻሽን ቆመሻል። አንዱ ውረጂ ብሎሻል። እኔም ውረጂ ልበልሽ?»

ከዚያ ጨርቅ አምጥታ ወለሉን ጠረገች። እኔ ቁጭ ብዬ አየኋት። ተነሥቼ ጨርቁን መቀበል እንኳ አልቻልኩም።

ረቡዕ 4

ለዳይሬክተሩ ተናገርኩ። የሐኪሟን ወረቀት አሳየሁት። አነበበው፣ አጥፎ መለሰልኝ።

«ማን አየ?» አለኝ። አሁን ወደ ቀኜ ዞሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ጆሮ አይታይም። ሰዉ የድምፅ ችግር ነው ብሎ ተቀብሎናል። በሚቀጥለው አርብ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፣ አምስት ደቂቃ፣ አልቀስ ብለሽ። ፕሮግራምሽ ይተርፋል።»

«ጋሼ ጆሮስ?»

«ጡረታው ቀርቦ ነበር።»

ወጣሁ። እሺም እምቢም አላልኩም። ዝምታዬ የምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የወጣሁት መሰላል ነው፣ በአንድ ቀን ዝለዪ ሲሉኝ… ኧረ ተዪ። ሰበብ ነው።

ቅዳሜ 7

ጋሼ ጆሮ ቤት ሄድኩ። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። እሱ እኔ ቤት ስንት ጊዜ መጥቶ የሳሎን ቴሌቪዥኔን ጠግኗል!

የሬዲዮ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አገኘሁት። አልተነሣም። ወንበር ግን ሳበልኝ፤ እሱ በቀኜ እንዲሆን አድርጎ። ያኔ ገባኝ።

«ታውቅ ነበር» አልኩት።

«ሁለት ዓመት ሆነው» አለ። «መጀመሪያ ድምፁን ትንሽ ጨመርኩልሽ። ከዚያ ትንሽ። ከዚያ እንግዶቹን በቀኝሽ አስቀመጥኳቸው፤ ለካሜራ ያምራል ብዬ ዋሸሁ። ዘንድሮ መድረኩን ሲገለብጡት ተው ብላቸው የሚሰማኝ አጣሁ።»

«ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ አልሰማሽም?» አለና፣ ያለው ነገር ለራሱ ገብቶት፣ ሊስቅ ብሎ ተወው። «ፈርቼሽ ነው፣ እህቴ። አንቺን የማይፈራ አለ? በቀልድ ትገርፊኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። እኔ ነኝ ሰውየውን ገርፌ ስጮኽ የከረምኩት።

«የዚያን ቀን ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ቆመህ ምን ነበር ያልከኝ? አልሰማሁህም። ዝም ብዬ ነው ራሴን የነቀነቅኩት።»

ብሎኑን አጥብቆ ጨረሰ።

«ሐኪም ጋ ሂጂ ነው ያልኩሽ» አለኝ።

ሥራ ካሳጣሁት በኋላ። ኮቱን ለብሶ እየወጣ። ይህን ነው ያለኝ።

ይቅርታ ጠየቅኩት። «ለእኔ እዚህ ብትነግሪኝ ምን ያደርግልኛል?» አለ። «ስሜ የጠፋው እዚህ አይደለም።» በሩ ድረስ ሸኘኝ፤ «ይቅር ብዬሻለሁ» ግን አላለም።

አርብ 13

ተናገርኩ።

የጻፉልኝን አምስት ደቂቃ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። የካሜራው ቀይ መብራት ሲበራ ጀመርኩ። «ያን ቀን መሣሪያው አልተበላሸም» አልኩ። «የተበላሸው የእኔ ጆሮ ነው። የድምፅ ባለሙያው ጥፋት የለበትም። እኔ ሳላጣራ፣ የሰው ስም በሚያጠፋ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ። ቆይቼም እውነቱን ካወቅኩ በኋላ አሥራ አምስት ቀን ዝም ብያለሁ።» ዳይሬክተሩ ከካሜራው ኋላ አቁሚ ለማለት አንገቱን በእጁ ሲቆርጥ አየሁት። ቀጠልኩ። «ሃያ ሁለት ዓመት በእናቴ ደንቆሮነት አስቄአችኋለሁ። እናቴ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ታውቅ ነበር።»

ስጨርስ ጸጥ አለ። ዝምታው የሰዉ ይሁን የጆሮዬ መለየት አቃተኝ። ፊታቸውን ላነብ ሞከርኩ። አንዲት አሮጊት ከሁለተኛው ረድፍ ትክ ብላ ታየኛለች። ከፊቷ ምንም አላነበብኩም። እናቴ ይህን ለመማር ስንት ዓመት ፈጅቶባት ይሆን?

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሰኞ 16

ፕሮግራሙን ለሌላ ሰው ሰጡት። ለጋሼ ጆሮ የመልሶ ቅጥር ደብዳቤ ልከውለታል፤ የተሳሳቱ መሆናቸውንም በዜና አስነግረዋል። ደብዳቤውን ተቀብሏል፣ መልስ ግን አልሰጠም ይላሉ። ልጄ «ደህና ነሽ?» እያለች በየሰዓቱ ትጠይቀኛለች። ፊት ለፊቴ ቆማ ነው የምትጠይቀኝ።

አንዲት ሰው ቀርታኛለች።

ማክሰኞ 17

የምትነዳውን መስመር አጠያይቄ፣ ከመነሻው ፌርማታ ተሳፈርኩ። ከሾፌሯ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰዉ አወቀኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠ የለም። እሷም በመስታወቱ አየችኝ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ አርባ ደቂቃ ነዳች፤ አንድም ጊዜ ፍሬን አላንገጫገጨችም።

ሁሉም ወረደ። እኔ ቀረሁ። ሞተሩን ማጥፋቷን ያወቅኩት ወለሉ መንቀጥቀጡን ሲያቆም ነው። ወንበሯን አዙራ ተቀመጠች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። «በቴሌቪዥን ተናግሬአለሁ…»

«በሥራ ላይ ነበርኩ። ነገሩኝ» አለች። ቃሏን እየቆረጠች፣ ከንፈሯን ከፍታ ነው የተናገረችው፤ የሆነ ሰው ነግሯታል። «እኔን ያበሳጨኝ መቀለድሽ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ያን ቀን ስለ አውቶቡስ ላወራ አልነበረም የመጣሁት። ስለ ልጄ ላወራ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። ሰው አይጠይቀኝም እኮ። ታዝናለች ብሎ ሁሉም ይሸሸዋል። ካርድሽ ላይ ጥያቄው እንዳለ ሲነግሩኝ፣ በቃ የምትጠይቀኝ ሰው አገኘሁ አልኩ።»

አንገቴን ደፋሁ። ከደፋሁ ደግሞ ከንፈሯን ስለማላይ መልሼ ቀና አልኩ። ተነሥቼ ቦታዬን ቀየርኩ፤ ቀኝ ጆሮዬን ወደ እሷ አደረግኩ።

«አሁን ልጠይቅሽ?»

«ጠይቂኝ» አለች።

«ስሙ ማን ነበር?»

ነገረችኝ። አልሰማሁትም። ቀጭን ስም ነው፤ ከጠፉብኝ ፊደላት የተሠራ። እንደሰማ ሰው ራሴን ልነቀንቅ ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ይቅርታሽን፣ ድገሚልኝ» አልኳት።

ደገመችው። አሁንም አመለጠኝ። እንባዬ መጣ። «እህቴ፣ አልሰማሁትም።»

ያን ጊዜ ተነሣች። በሁለት እጇ መደገፊያውን ብረት ይዛ፣ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች። ባዶው አውቶቡስ ነዘረ። ውጭ ጎማ የሚነፋ ሰው ቀና ብሎ አየ። ሰማሁት። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ መልሼም አልኩላት። በትክክል።

ቆማ ትተነፍስ ነበር። «ስድስት ዓመት ሆነው» አለች። «ከሞተ ወዲህ እንዲህ ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም።»

ከዚያ ተቀመጠችና ነገረችኝ፤ ስንት ዓመቱ እንደነበር፣ ጫማውን ሳይፈታ እንደሚያወልቅ፣ ገና ሕፃን ሳለ መሪው ፊት ተቀምጦ ጡሩምባውን ሲያስጮህ እንደነበር። ያልሰማሁትን አስደገምኳት። ሳይሰለቻት ደገመችልኝ።

መሐል ላይ ቀና ብላ ወደ በሩ አየች። ተሳፋሪዎች ተሰልፈው መስታወቱን እየደበደቡ ነው አለችኝ። እኔ አልሰማሁም።

«ይጠብቁ» አለች፤ ወሬዋንም ቀጠለች።